ሁለቱ ካሴቶችና የአያ ይማም ጥለት

ተናገሪ ያሉኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። ባለፈው እሑድ ሐያትና ፉአድ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሆዱን ከፍተው ምንጣፍ ላይ አስተኝተውት ሲጨቃጨቁ አገኘኋቸው። ግራፊክስ ካርድ የሚሉት ነገር አለ፤ ሥዕሉን የሚያሳምረው እሱ ነው አሉኝ። እሷ ይሄኛው ካርድ ይግባለት ትላለች፣ እሱ ያኛው ይላል። ጎንበስ ስል የሞቀ ፕላስቲክና የተቃጠለ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ያን ሽታ አውቀዋለሁ።

«እኔ በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ በዚሁ ነገር ሁለት ወንድማማቾች ሊቆራረጡ ነበር» አልኳቸው።

«አንቺ? ኮምፒውተር?» አለችና ሐያት ሳቀች።

ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠች አያት ኮምፒውተር ነካሁ ስትል ማን ያምናታል። ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ደግሞ ጻፊው አሉኝ። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ከልጆቼ ደብተር ላይ ነው፤ እንግዲህ አጻጻፌን ታገሡኝ።

ያደግሁት ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ነው። አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ የምኖረው ከአባቱና ከእናቱ፣ ከአያ ይማምና ከእማማ ሩቅያ ጋር ነበር። ሰፈሩ ሁሉ አያ ይማም ይለዋል፣ እኔ አባባ እለዋለሁ። አባባ ሸማኔ ነበር። ሸማኔ ማለት ደግሞ ያኔ እግሩን መሬት ተቆፍሮ በተሠራ ጉድጓድ ከትቶ፣ ቀኑን ሙሉ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ሲወረውር የሚውል ሰው ነው። እኔ መወርወሪያው ውስጥ የሚገባውን ክር በቀሰም እጠቀልልለት ነበር። እማማ ሩቅያ ትፈትላለች። ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ እንዲህ ነው የምናውቀው። ሴት ከሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ እግሯን አታስገባም።

ከጥለቱ ሁሉ አባባ ብቻ የሚያውቀው አንድ ነበር። ከአባቱ ነው የተማረው፤ አባቱም ከአባቱ። ወርዱ ስልሳ ክር ነው፣ ቁመቱ መቶ ሃያ መስመር፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ጥቁር። እየተጠላለፈ ሄዶ ሄዶ መሐል ላይ እንደ መስኮት ይከፈታል። አንድ ጊዜ ለሙሽራ ሲሠራው አይቼዋለሁ፤ ነጠላው ተሽጦ ሄደ፣ ናሙና እንኳ አልቀረም። በወረቀት አልተጻፈም። አባባ ቁጥሩን በጭንቅላቱ ነው የያዘው።

ይህ የምነግራችሁ በሆነበት ዓመት፣ ረመዳን ካለፈ በኋላ አባባ ከጉድጓዱ ወጣና አልተመለሰም። «ጉልበቴ እምቢ አለኝ» አለ። ጉድጓዱን በሳንቃ ከደነው። ሦስት ወንዶች ልጆች ወልዶ አንዱም ሸማኔ አልሆነለትም፤ አባቴ ሞተ፣ አጎቴ ኑሩ ጅዳ ገባ፣ አጎቴ ሰይድ ሳንጃ ሄዶ ሰሊጥ ነጋዴ ሆነ። አባባ ከሰላት በኋላ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ «አምስት ቀይ፣ ሁለት ባዶ፣ ሦስት አረንጓዴ» ይል ነበር። ዚክር መስሎኝ እኔም አብሬው እል ነበር።

«ይህ ጥለት ከእኔ ጋር አፈር ሊገባ ነው» አለ አንድ ቀን ለእማማ ሩቅያ። እንደ ዋዛ ነበር ያለው፣ ግን የዚያን ቀን ምሳ አልበላም።

ክረምቱ ሲገባ አጎቴ ኑሩ ለዕረፍት መጣ። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደን ተቀበልነው። ባለ ቀለም ቴሌቪዥን፣ አንድ ቴፕ፣ እንዲሁም እንደ ትልቅ ሰሌዳ ያለ፣ ቁልፍ የተደረደረበት ጥቁር ነገር ይዞ ነበር። «ኮምፒውተር ነው» አለ። ቁልፎቹ ላይ የተጻፈው በዐረብኛ ነው። እማማ ሩቅያ ያንን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። በቁርኣን ፊደል የተጻፈ ነገር መሬት አይቀመጥም ብላ ቁምሳጥን ላይ አወጣችው፣ በነጭ ጨርቅም ሸፈነችው።

«እማ፣ ይህ እኮ ማኪና ነው» አላት ኑሩ።

«ማኪናም ይሁን። አሊፍ አለበት አይደል?»

እኔም ከእሷ ተምሬ፣ በኋላ ቁልፎቹን እንድነካ ሲፈቀድልኝ፣ ውዱእ ሳላደርግ አልነካም ነበር። ክርኔ ድረስ ታጥቤ፣ እጄ እየተንጠባጠበ እመጣለሁ። ኑሩ ጮኸ። «ከዲ! ምነው ውኃ ታጠጪዋለሽ? አበባ መሰለሽ?» ከዚያ ወዲህ ታጥቤ፣ በነጠላዬ አድርቄ፣ ቢስሚላህ ብዬ እነካለሁ። ዛሬም የልጆቹን ኮምፒውተር ከነካሁ እጄን ሳልታጠብ አይሆንልኝም፤ እነሱ ለንጽሕና ይመስላቸዋል።

ጥለቱን በኮምፒውተሩ እናስቀምጠው የሚለው ሐሳብ የኑሩ ነው። ኮምፒውተሩ ሥዕል የሚሣልበት ነገር አለው፤ ሥዕሉ በነጥብ በነጥብ ነው የሚሠራው፤ ነጥቡን እንደ ክር ብንቆጥረው ጥለቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ይወጣል። ከዚያ ማንም ሸማኔ አይቶ ይሠራዋል። አባባ ይህን ሲሰማ ቀና አለ። «ክር በክር ነው የሚያስቀምጠው?» አለ። ኑሩም «ክር በክር» አለ።

«እንግዲያው በጉድጓዴ ላይ አድርጉት።»

ሳንቃው ተነሣ፤ ቴሌቪዥኑና ኮምፒውተሩ ሸማው በሚወጠርበት ቦታ ተቀመጡ። ኑሩ እግሩ ረጅም ነው፣ አላስገባው አለ። አባባ በጉልበቱ አመካኘ። ቀሰም የምጠቀልለው እኔ፣ ቁጥሩንም በአፌ የማውቀው እኔ። «ከዲ ትግባ» አለ አባባ። ጎረቤታችን እትዬ ዘምዘም ለሰላምታ ብቅ ብላ እግሬን ጉድጓድ ውስጥ ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አያ ይማም! ሴት ልጅ? ከሸማኔ ጉድጓድ?»

«ዘምዘም፣ ሸማ እየሠራች አይደለም። ነጥብ እየዘራች ነው።»

«አንቱ ካሉ ይሁን» አለች፤ ግን ወጥታ ለሰፈሩ ሁሉ ተናገረች። ሦስት ቀን ሙሉ ሴቶች እኔን ለማየት መጡ። የቀበሌው ሰውም መጥቶ ነበር፤ ከውጭ አገር ጋር ይነጋገር እንደሆነ ጠየቀ። አባባ «ይነጋገርስ ነበር፣ ግን ከእኛ ቤት ወሬ የለም» ብሎ አሳቀው፤ ሰውየውም ሄደ።

ኑሩ አራት ቁልፍ ላይ ባለ ቀለም ክር ለጠፈልኝ፤ ቀይ ክር ያለበትን ስጫን ቀይ ነጥብ ይወጣል። ማንበብ አላስፈለገኝም። የመጀመሪያውን መስመር ጀመርን። አምስት ቀይ፣ ሁለት ባዶ፣ ሦስት አረንጓዴ። ደኅና። ከዚያ «አንድ ቢጫ» አለ አባባ። ቢጫውን ስጫን አጠገቡ ያለው አረንጓዴ አብሮ ቢጫ ሆነ። አጠፋሁትና እንደገና አረንጓዴውን መለስኩ፤ አሁን ደግሞ ቢጫው አረንጓዴ ሆነ።

«አባባ፣ አንዱ ሌላውን ይበላዋል።»

«ቀለሙ ይለቃል ማለት ነው» አለ አባባ። የገበያ ርካሽ ክር ሲታጠብ እንደሚለቀው። ወደ ኑሩ ዞሮ «ልጄ፣ የሚለቅ ቀለም አመጣህልኝ?» አለው።

ኑሩ አፈረ። ነገሩን ቆይቶ አስረዳን። ማኪናው ስምንት ነጥብ አንድ ላይ ነው የሚይዘው፤ በስምንት ነጥብ ውስጥ ከሁለት ቀለም በላይ አይችልም። የአባባ ጥለት ደግሞ በስምንት ክር ውስጥ ሦስት አራት ቀለም አለው። «ግን መድኃኒት አለው» አለ ኑሩ፤ «ከኋላው የሚሰካ ካሴት አለ፣ ሥዕሉን የሚያሻሽል። ጅዳ ላለው ጓደኛዬ ልጻፍ።»

ካሴት ሲል እኔ የማውቀው መንዙማ የሚሰማበትን ነው። በኋላ የመጣው ግን እንደ ሳሙና ጠፍጣፋና ድፍን ነው፣ ጥቅልል የለበትም። ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሳዳምጠው ኑሩ አይቶኝ እየሳቀ ወጣ፤ ስሙን ግን አልለወጠውም። ሥዕል የሚያሻሽለውም ካሴት ነው፣ ቴፕ ውስጥ የሚገባውም ካሴት ነው።

የኑሩ ካሴት እስኪመጣ አጎቴ ሰይድ ሳንጃ ሆኖ ወሬውን ሰማ። ሰይድ ታላቅ ነው። አባቱን የሚጦረው፣ በሽታውንም ለቅሶውንም የሚሸፍነው እኔ ነኝ ብሎ የሚያስብ፣ ኑሩ በዓመት አንድ ጊዜ ሽቶ ተቀብቶ መጥቶ የሚመሰገንበት ነገር የሚያንገበግበው ሰው ነበር። ምንም ሳይናገር ከሱዳን ነጋዴዎች ጋር ተላልኮ እሱም ካሴት አስመጣ። እንዴት እንዳገኘው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱ ካሴቶች በአንድ ሳምንት ደረሱ፤ የሰይድን ራሱ ይዞት መጣ።

ማኪናው ግን ካሴት የሚሰካበት ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው ያለው።

ካሴቶቹ ሊፈተኑ ነው ተብሎ ቤቱ ሞላ። ዝናብ ነበር፣ ቆርቆሮው ይጮኻል፣ የበሩ አጠገብ በሰው ጫማ ተሞልቷል። መጀመሪያ የኑሩ ካሴት ተሰካ። የቴሌቪዥኑ ገመድ ከማኪናው ተነቅሎ ካሴቱ ራሱ ላይ ነው የሚሰካው። ቀለም ማለት እንግዲህ እሱ ነው! ሲከፈት ቀስተ ደመና፣ አበባ መስሎ ወጣ፤ ሴቶቹ «ማሻአላህ» አሉ። አባባ ከፊት ተቀምጦ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ «ከዲ፣ ቢጫው ጎረቤቱን ነክቷል?» አለ።

«አልነካም።»

«ነጥቡ ምን ያህላል?»

ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው፤ ሱራ ሲያስጠናኝም እያወቀ ይጠይቀኛል። እየፈተነኝ ነው ብዬ ተጠንቅቄ መለስኩ። «ሽንብራ ያህላል። ስልሳው ክር አይሞላለትም፣ ከግማሽ በላይ ስንሄድ ከቴሌቪዥኑ ይወጣል።»

ከዚያ የሰይድ ተሰካ። ቀለሙ ትንሽ ነው፣ ደግሞ ፈዘዝ ይላል። ነጥቡ ግን ድቅቅ ያለ ነው።

«ይሄኛውስ?»

«ሰሊጥ ያህላል፣ አባባ። ስልሳውም ገብቶ ቦታ ይተርፋል።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ኑሩ እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። «በሏ! ሰሊጥ አለች! ሰይድ፣ ትናንት ስንት ኪሎ ሰሊጥ ነው ያበላሃት?»

«እኔ እንዳንተ ሽቶ አልቀባኋትም» አለ ሰይድ።

«ዋሸች እያልክ ነው?» አለ ኑሩ።

«አንተ ነህ ያልከው።»

አባባ በምርኩዙ መሬቱን መታ አደረገ። «ሁለቱም ሸጋ ነው። የኑሩ ለዓይን ሸጋ ነው። ጥለት ግን በቁጥር ነው፤ አራት ቀለም ይበቃኛል። የሰይድ ይሰካ።»

ኑሩ ካሴቱን በሶፍት ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ሁለት ቀን አልሳቀም። በሦስተኛው ቀን ግን ራሱ መጥቶ የሰይድን ካሴት እንዴት እንደምሠራበት አሳየኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

ሥራው እንዲህ ነበር። ጧት ከቁርስ በኋላ መብራት ካለ እኔ ጉድጓዱ ውስጥ፣ አባባ ከጎኔ። እሱ ይቆጥራል፣ እኔ እጫናለሁ። መብራት ሲጠፋ ማኪናው ሁሉን ይረሳል፤ ስለዚህ ኑሩ በየቀኑ መጨረሻ ላይ የተሠራውን ቴፕ ላይ ይቀዳዋል። ሲቀዳ የሚያወጣው ጩኸት የታነቀ ድመት ነው፤ እማማ ሩቅያ ጆሮዋን ይዛ ወደ ጓሮ ትሮጣለች። እኔም የራሴ መላ ነበረኝ። የት እንደደረስኩ እንዳልስት፣ ለየመስመሩ አንድ አንድ ነጭ ክር ቆርጬ፣ ቀይ ሲል ቀይ እጠመጥምበታለሁ፣ ባዶ ሲል እቋጥርበታለሁ። ፈታዮች ልቃቂት ሲቆጥሩ ክር እንደሚቋጥሩት ነው። ማንም አላዘዘኝም። ክሮቹን በየተራቸው አንድ ገመድ ላይ አስሬ፣ አጠገቤ ካለው ቋሚ ላይ አንጠለጠልኳቸው፤ አባባ ሲቀመጥ ሲነሣ በጣቱ ይዳብሳቸው ነበር።

ሃያ ስድስት መስመር እንደደረስን ኑሩ የመውጫ ቪዛውን ለማስጨረስ አዲስ አበባ መሄድ ነበረበት። ሰይድ ሳንጃ ተመልሷል። ከበሩ ላይ ሆኖ ኑሩ እንዲህ አለኝ፦ «ከዲ፣ እስክመጣ በየቀኑ መቅዳቱን እንዳሳየሁሽ አድርጊ። ስትጨርሺ ካሴቱን አውጥተሽ ሳጥኑ ውስጥ ክተቺው። አቧራ እንዳይገባው።»

«እሺ» አልኩ።

የዚያን ቀን የተሠራውን እሱ ራሱ ቀድቶት ነው የሄደው፤ ለእኔ የቀረኝ ካሴቱን ማውጣት ብቻ ነው። ካሴቱን። እኔ በዚያ ክረምት ካሴት ሲባል የማስበው ሰው ሁሉ የተጣላበትን ነው። ማኪናውን ሳላጠፋ እጄን ወደ ኋላው ሰድጄ የሰይድን ካሴት ሳብኩት። ጠንካራ ነበር፣ በሁለት እጄ ነቀልኩት።

ጠስ አለ። ቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ መስመር ሮጠና ጥቁር ሆነ። ሽታው መጣ፤ ያው በኋላ እነ ሐያት ኮምፒውተር ላይ የሸተተኝ። መልሼ ሰካሁት፤ ጥቁር ነው። አጥፍቼ አበራሁ፤ ጥቁር ነው። በጨርቅ ጠረግሁት፣ ያሲን ቀራሁበት፣ ያው ጥቁር። እማማ ሩቅያ ጓሮ ነበረች። ለማንም አልተናገርኩም። ኑሩ አሥር ቀን ሳይሞላው ነው ወደ ጅዳ የሚመለሰው፤ እሱ ከሄደ ማኪናውን የሚያውቅ ሰው የለም፣ ጥለቱም ከአባባ ጋር አፈር ይገባል። ያቃጠልኩት ደግሞ እኔ።

በማግሥቱ ጧት አባባ እንደ ልማዱ መጣና ከጎኔ ተቀመጠ። ቴሌቪዥኑ በርቷል፣ ግን እንደ ጉድጓድ ጥቁር ነው። አባባ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሮ ትንሽ ቆየ።

«ቢስሚላህ» አለ። «የት ደረስን?»

«ሃያ ሰባተኛው» አልኩ በመከራ።

«ቀጥይ። ሁለት ጥቁር፣ አንድ ባዶ፣ አራት ቀይ።»

ቁልፎቹን ተጫንኩ፤ ምንም የለም፣ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ። ክሩን መቋጠሬን ግን አልተውኩም። አባባ አይቶኛል፤ አይቶ ዝም አለኝ ብዬ አሰብኩ። ሊያስደነግጠኝ አልፈለገም፤ ምስጢሩን አብሮኝ ያዘ። ከዚያ ወዲያ ያለው ቀን ሁሉ እንዲህ አለፈ፤ እሱ ይቆጥራል፣ እኔ ባዶ ቴሌቪዥን ፊት እጫናለሁ፣ ክሩ ይረዝማል። ወደ መጨረሻ ላይ ፍርሃቴም ቀለለልኝ። ከአባባ ጋር እንደዚያ የተቀራረብኩበት ጊዜ የለም። አንዴ እንዲያውም «መስኮቱ እንዴት ወጣ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የመሐሉን ማለቱ ነው። ሊያጽናናኝ ነው ብዬ «አምሯል» አልኩት። ፈገግ አለ። መቶ ሃያውን ጨረስን።

ዓርብ ዕለት ሁለቱም መጡ፤ ኑሩ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ፣ ሰይድ በሎንቺና አውቶቡስ ከሳንጃ። ሰይድ ጫማውን እንኳ ሳይፈታ «የታለ፣ እስኪ አሳዩኝ» ብሎ ማኪናውን አበራው። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ገመዱን ነካካ። ካሴቱን አወጣና አሸተተው።

«ተቃጥሏል!» ብሎ ጮኸ። «ይህ ካሴት ተቃጥሏል! ቴሌቪዥኑ ጥቁር ነው፣ ምንም የለበትም! ኑሩ፣ አንተ ነህ!»

«እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ!»

«ሳትሄድ ነው ያቃጠልከው። ያንተ ስላልተመረጠ ቀናህ።»

«ወላሂ አልነካሁትም። ደግሞ ከኮንትሮባንድ የተገዛ ዕቃ ለስንት ቀን ይቆያል ብለህ ነው?»

«የአባቴን ጥለት ቀበርከው! ሰማህ? ከዛሬ ጀምሮ አንተ ባለህበት ቤት እኔ አልገባም!»

እማማ ሩቅያ በመሐላቸው ገባች። ሰይድ ጃኬቱን ተሸክሞ ወደ በሩ ዞረ። በሩን ከወጣ እንደማይመለስ እሱንም እሷንም ሳይ አወቅሁ። ከጉድጓዱ ወጣሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ካሴቱን አውጪ ሲለኝ እሱን አወጣሁት። ማኪናውን ሳላጠፋ።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ኑሩ ግንባሩን መታ። «የቴፑን እኮ ነው ያልኩሽ፣ የቴፑን ካሴት!»

«መቼ?» አለ ሰይድ። «መቼ ነው ያወጣሽው?»

«አጎቴ ኑሩ የሄደ ቀን።»

«እና እስከ ዛሬ በጥቁር ቴሌቪዥን ፊት ነው የተቀመጣችሁት? አባ! አንተ አጠገቧ አልነበርክም?»

አባባ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ምርኩዙን በሁለት እጁ ጨበጠ። ከዚያ፦

«ነበርኩ» አለ። «ጥቁር መሆኑን አይቻለሁ። አይቼ ነው ቀጥይ ያልኳት። ጥፋት ካለ የሁለታችን ነው፤ እሷን ከተቆጣችሁ እኔንም ተቆጡ።»

አባትን ማን ይቆጣል። ሰይድ ጃኬቱን እንደያዘ ቆመ። «ምነው አባ፣ ለምን?» አለ በለሆሳስ። አባባ ግን «ከዲ፣ ክሮችሽን አምጪ» አለ። ክር እንደምቋጥር እንዴት አወቀ አላልኩም፤ አጠገቤ ተንጠልጥሎ ያየዋል አይደል?

ገመዱን አመጣሁት። መቶ ሃያ ክር፣ እንደ ሴቶች የራስ መሸፈኛ፣ እንደ ጉፍታ ዘርፍ ተንጠልጥሎ። ሰይድ እጁን ሰድዶ አንዱን ክር ያዘው። ቋጠሮውን በጣቱ ቆጠረ፤ ሸማኔ ባይሆንም የሸማኔ ልጅ ነው። «ሁለት ጥቁር፣ አንድ ባዶ፣ አራት ቀይ» አለ። ኑሩን ቀና ብሎ አየው። «ያን ሽንብራህን ከቦርሳህ አውጣው» አለው።

ክሩ ቆጠራውን ያውቃል እንጂ መልኩን አያሳይም። ቴፑ ላይ የተቀዳው ሃያ ስድስት መስመርም ያለ ሰይድ ካሴት አይከፈትም ስለተባለ ከመጀመሪያው መስመር ጀመርን። የኑሩ ካሴት ስልሳውን ባንድ ጊዜ ስለማይችል ጥለቱን ለሁለት ሰንጥቀን፣ ቁመቱንም ከላይ ወደ ታች እየከፋፈልን፣ ግራውን አንድ ቀን ቀኙን ሌላ ቀን ሠራነው። ሰይድ ክሩን እያነበበ፣ እኔ እየተጫንኩ፣ ኑሩ ቴሌቪዥኑ ላይ የወጣውን ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ላይ በባለ ቀለም እርሳስ እየገለበጠ። ሁለቱ ሲሳደቡ ዋሉ። «ሰሊጥህ ቢኖር ዛሬ ጨርሰን ነበር» ይላል ኑሩ። «ሽንብራህ ባይኖር ጭራሹን አንጀምርም ነበር» ይላል ሰይድ። እማማ ሩቅያ ይህን ስድብ እየሰማች አልሐምዱሊላህ ትል ነበር።

ሃያ ሰባተኛው መስመር ላይ አንድ አረንጓዴ ጎድሏል። የዚያን ቀን ዓይኔ ጥቁሩ ቴሌቪዥን ላይ ስለነበር ሳልጠመጥመው አልፌዋለሁ። አባባ ሲነበብለት ሰማና «አንድ አረንጓዴ» አለ። ኑሩ ግን ደብተሩ ላይ በቀለም ስለሞላው ማጥፋት አልተቻለም። «ተዉት፣ የከዲ ይሁን» አለ አባባ።

ደብተሩ አዘዞ ለሚኖር፣ ድሮ አባባ ዘንድ ሥራ ለለመደ ሸማኔ ተሰጠ። ኑሩ ከሄደ ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያው ነጠላ መጣ። አባባ ጭኑ ላይ ዘርግቶ በአውራ ጣቱ ከዳር እስከ ዳር እየዳበሰ ሄደ፣ ሃያ ሰባተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቆም አለና «ይኸው» አለ። ዛሬም ጎንደር አራዳ ሱቆች ደጅ ተሰቅሎ አየዋለሁ፤ አረንጓዴዋ እንደጎደለች ናት፣ ሻጮቹ የጥለቱ ወግ ይመስላቸዋል።

እማማ ሩቅያ ነገሩን የነገረችኝ አባባ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔ ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ስታርሰኝ ነው። እንዲሁ ስናወራ «አባባ ያን ጊዜ አይቶ ዝም ባይለኝ ኖሮ በድንጋጤ ሞቼ ነበር» አልኳት። ገንፎውን የምታማስልበትን እጇን አቆመች።

«ምኑን ያያል?» አለች። «ጉልበቴ ብሎ ከጉድጓዱ የወጣው እኮ ዓይኑ ጨርሶ ስለጠፋ ነው። ልጆቹ ቢያውቁ አንዱ ጅዳ አንዱ ሳንጃ ካልወሰድንህ ይሉኛል ብሎ አስምሎኛል። የዚያ ረመዳን የዒድ ጨረቃ ስትወጣ ሰው ሁሉ ታየች ሲል፣ እሱም ቀና ብሎ ታየች ብሏል። የትኛው ካሴት ይሻላል ያለውም አንቺ ባልሽው ነው።»

«እና ጥቁሩን ቴሌቪዥን?»

«በርቶ እየሠራ መስሎት ነበራ! መጥቆሩን መጀመሪያ የሰማው ያን ዓርብ፣ ሰይድ ሲጮህ ነው።»